ትንሹን ዓሣ ወደ ውኃው እንመልስ

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋና ዓላማው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነበር። ከግድቡ ኋላ የተንጣለለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን ከዚህም ሌላ ጥቅም ሰጥቷል። ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪ መተዳደሪያ፣ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆውን ይዞ ለሚመጣው ከተሜም መዝናኛ ሆኗል። በእኔ አስተያየት ሐይቁ ለሁለቱም ይበቃል፤ የሚበቃው ግን ሁለቱም ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ዓሣ ሲተዉለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የቆሮሶን አረባብ መመልከት ያሻል። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውኃ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን በዚያ ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ እስኪፈለፈልም ድረስ በአፏ ይዛ ትጠብቀዋለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣባቸው ሸሽተው የሚጠለሉት በእናታቸው አፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ በመራቢያው ወራት ዓይነ ጠባብ መረብ በዳርቻው የሚጎትት ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ ጠራርጎ ያወጣል ማለት ነው።

«ለዕለት ጉርሱ የሚደክመውን አስጋሪ ስለ ከርሞ አስብ ማለት ግፍ ነው» የሚሉ አይጠፉም። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም፤ የተራበ ሰው ቀጠሮ አይወድም። ሆኖም ዓሣው ሳይራባ ካለቀ ከማንም አስቀድሞ የሚጎዳው ያው አስጋሪ ነው። ለመዝናናት የመጣው ሰው ግን ይህም ምክንያት የለውም፤ ባዶ እጁን ቢመለስ እንኳ ራቱ በቤቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በመታገሥ አርአያ መሆን የሚገባው በቅድሚያ እርሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሕግ በየመንጠቆው አጠገብ ዘብ ሊቆም አይችልም፤ ክፍተቱን የሚሞላው የእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ነው።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባብያን ሆይ፣ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ በመንጠቋችሁ ትንሽ ቆሮሶ ብትያዝ እጃችሁን በውኃ አርሳችሁ በጥንቃቄ አላቅቋትና መልሷት። የፌስታልና የፕላስቲክ ቆሻሻችሁንም ሰብስባችሁ ተመለሱ። ይህን ብታደርጉ የእናንተ መዝናናት የአስጋሪውን እንጀራ አይነካበትም፤ ለከርሞም ሁለታችሁም በዚያው ዳርቻ ትገናኛላችሁ።