ግጥም የሌለው ካሴት

የእኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጆሮ ቃል ፈላጊ ነው። ዘፈን በተከፈተ ቁጥር አስቀድመን የምንጠይቀው «ምን አለ?» ብለን ነው፤ «እንዴት አለው?» የምንል ጥቂቶች ነን። በእኔ እምነት ከዘመናዊ ሙዚቃችን እጅግ ደፋር የሆኑት ሥራዎች ሳይደመጡ የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ካሴቱ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው አድማጩ ነው።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ኃይሉ መርጊያን ነው። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 «ትዝታ» የተሰኘውን ካሴት፣ በ1977 ደግሞ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ፤ የሁለቱም ጌታ መሣሪያው እንጂ ግጥሙ አይደለም። በ1981 ባንዱ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉና አንዳንድ ባልደረቦቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ፋሽኑ አልፎበታል የተባለውን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋብቶ፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ፣ አንድ ሰው ራሱ ባንድ ሆነ። ያም ሥራ በካሴት ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ሙዚቀኛውም በዚያው ከተማ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ያንን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያገኘው በባሕር ዳር ነው። በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የ1975ቱ «ትዝታ» ደግሞ በ2021 እንደገና ታተመ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ባሕር ዳር ነው ያልሁት። እኔ የምኖርባት ይፋግ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው የሚለዋወጡባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የነጋዴ ሀገር ልጆች ሆነን ሳለ፣ እደጃችን የነበረውን ዕቃ ዋጋውን የነገረን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ። እንግዳውን አልወቅሰውም፤ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። ወቀሳዬ ወደ ጆሯችን ነው።

«በእኛ ሀገር ሙዚቃ ማለት ግጥም ነው፤ የበጌምድር አዝማሪ ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ቃል ለመሸከም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። አዝማሪው ከታዳሚው ስንኝ እየተቀበለ ሲያዜም፣ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት የማይነቃ ጆሮ የለም። ይሁን እንጂ በዚሁ ደጋ እረኛው ዋሽንቱን ይነፋል፤ አፉ በዋሽንቱ ተይዟልና ቃል ሊጨምርበት አይችልም። ማንም ግን «ምን አለ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ሁሉም ገብቶታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ገና ሲቃኙ፣ ስንኝ ሳይገባባቸው፣ የየራሳቸው ስሜት አላቸው። እንግዲያስ ቃል የሌለው ዜማ ባዕድ አይደለም፤ ከዋሽንቱ የተቀበልነውን ከአኮርዲዮኑ መቀበል ስላልፈለግን እንጂ። በመሣሪያ የተቀነባበረውን ሙዚቃ የወሬ አጃቢ፣ የፕሮግራም መሸጋገሪያ አድርገን አስቀረነው። እየሰማነው አላደመጥነውም።

ይህ የጣዕም ክርክር ብቻ ቢሆን ባልቸኮልሁ ነበር። ነገር ግን የካሴት ክር እንደ ብራና አይደለም፤ እርጥበትና አቧራ ይበላዋል፣ በተረሳበት ሣጥን ውስጥ እያለ ድምፁ ይደክማል። በየገበያው የተሸጠው ካሴት ዛሬም በየቤቱ ተቀምጦ ይሆናል። የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የብራና መጻሕፍትን ያህል ካሴትንም ቅርስ ብለው ቢሰበስቡ፣ ቢገለብጡ፣ መዝገብ ቢያበጁለት ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም። እኛም አሮጌ ካሴት ከመጣላችን በፊት እስከ መጨረሻው እናድምጠው፤ ዘፋኝ የሌለውን ከሁሉ አስቀድመን። ስለ ስንኝ ብዙ የጻፍን ሰዎች ስንኝ ስለሌለው ዜማም የምንጽፈው አናጣም።