የተመለሰው አውሮፕላን ለምን እንደተመለሰ ይነገረን

አጋሮ ላይ ስለ ብራዚል ወሬ ከተነሳ ነገሩ ሁልጊዜ ስለ ቡና ዋጋ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የብራዚልን የቡና ማሳ ያቃጠለው ውርጭ የዓለምን ዋጋ እንዴት እንዳናረው ዛሬም የሚያነሱ ነጋዴዎች አሉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ግን እዚያው አጋሮ ቡና እየጠጣን የሰማሁት የብራዚል ወሬ ሌላ ነበር። ነሐሴ 3 ቀን በሳኦ ፓውሎ ግዛት፣ ቪንሄዶ በተባለች ከተማ የወደቀው የቮይፓስ ኩባንያ ኤቲአር 72 አውሮፕላን እየተሽከረከረ ሲወርድ የሚያሳየው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። 62 ሰዎች አልቀዋል፤ አንድም የተረፈ የለም።

አብረውን የተቀመጡ አንድ ሀጂ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ የሕግ ሰው ነህ። በቡና አገር ሰማይ ላይ አውሮፕላን የሚጥል በረዶ ከየት ይመጣል? ወይስ ጥፋተኛውን እየሸሸጉት ነው?» አሉኝ። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። የዛሬው ጽሑፌ የዘገየ መልሴ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ሰማዩ የማንም አገር ይሁን፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል። በእኛ አካባቢ ከ5,000 ሜትር ገደማ በላይ ያለው አየር ክረምት ከበጋ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። በደመና ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ከዜሮ በታች ሆኖም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። የአውሮፕላን ክንፍ ሲነካው ግን ወዲያው በረዶ ሆኖ ይጣበቃል። የጅማ፣ የሊሙና የጌራ ሰማይ ዝናቡ ከብዙው የአገራችን ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይበት ነው። ቡናችንን የሚያበቅለው ደመና አውሮፕላኑም የሚያልፍበት ደመና ነው።

ስለ አየር ግፊትም ቢሆን የጅማ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ፣ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል። ከአጋሮ በላስቲክ ጥሩ ሆኖ ታሽጎ የተላከ ቆሎ አዲስ አበባ ሲደርስ ላስቲኩ ተነፍቶ ይገኛል። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን የቱንም ያህል ከፍ ቢል በውስጡ ያለው አየር በተለመደው በረራ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ይያዛል። በሌላ አነጋገር ተሳፋሪው ሰማይ ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው ከአዲስ አበባው ብዙም የማይለይ አየር ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ በረዶውና የአየር ግፊቱ፣ የሚገናኙት ሞተሩ ላይ ነው። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ካቢኑን የሚሞላው አየርም፣ ክንፉን ከበረዶ የሚጠብቀው አየርም የሚቀዳው ከሞተሩ ነው። ወደ ጅማ በሚመላለሰው ኪው 400 ላይ ይህ አየር በክንፉ ግንባር ያሉትን የጎማ ሽፋኖች እየነፋ የተጣበቀውን በረዶ ይሰባብራል። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. መረከብ የጀመረው ድሪምላይነር ግን ለካቢኑም ለክንፉም በኤሌክትሪክ ስለሚጠቀም ከዚህ የተለየ ነው።

አሁን ወደ ብራዚል እንመለስ። የአገሪቱ መርማሪዎች ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም አደጋው አንድ ወር ሳይሞላው፣ የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን አወጡ። ለካቢኑ አየር ከሚያዘጋጁት ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ከበረራው በፊት ጀምሮ እንደማይሠራ ተመዝግቦ ነበር። ይህ በራሱ መብረርን አይከለክልም። ደንቡ በአንዱ መብረርን ይፈቅዳል፤ ከፍታው ግን ከ17,000 ጫማ፣ ማለትም ከ5,200 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል። በዚያ ከፍታ አካባቢ ብርቱ በረዶ እንዳለ ደግሞ የአየር ትንበያው አስቀድሞ ተናግሯል። ሪፖርቱ ማንንም ጥፋተኛ አላለም። ነገር ግን ለአየር ግፊት ሲባል ዝቅ ብሎ መብረር በረዶ ካለበት ደመና ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ አድርጓል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሆናል። ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ከላርናካ ወደ አቴንስ ሲበር የነበረው የሄሊዮስ ኩባንያ ቦይንግ 737 ታሪክ የጀመረው ከበረዶ ነው። ሌሊት ከለንደን ያመጡት ሠራተኞች የኋላው በር ጎማ በረዶ እንደሚይዝና ድምፅ እንደሚያሰማ መዝግበው አስረከቡ። ቴክኒሻኑ የአየር ግፊቱን ሲፈትሽ መቆጣጠሪያውን ከአውቶማቲክ ወደ እጅ አዞረው፤ እንደዞረም ቀረ። አብራሪዎቹ አላስተዋሉትም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮህም የሌላ ነገር መሰላቸው። አየሩ ሳስቶ ራሳቸውን ሳቱ፤ አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በሮ ወደቀ። 121 ሰዎች ሞቱ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ትልቁ አደጋ ከትንሽ ነገር ይጀምራል፤ ትንሿ ነገር ደግሞ ማንም ሳይሞት በፊት አንድ መዝገብ ላይ ተጽፋ ነበር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

የሀጂ ሁለተኛ ጥያቄ ግን እኔንም ይነካኛል። በሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የለመድነው ጥያቄ «ጥፋተኛው ማነው?» የሚል ነው። የሲቪል አቪዬሽን ሕግ በዚህ ረገድ ይለያል። አገራችን አባል የሆነችበት የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራው ብቸኛ ዓላማ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋትና ተጠያቂነት ማከፋፈል እንዳልሆነ ይደነግጋል። የፍርድ ቤቱ ሥራ ለብቻው ይሄዳል። ይኸው አባሪ ሰው ባይሞትም ከባድ የሆኑ ክስተቶች እንዲመረመሩ ያዛል። አብራሪዎች በድንገት ኦክስጅን መጠቀም የተገደዱበት በረራ በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። የመጨረሻው ሪፖርትም ከተቻለ በ12 ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ይጠይቃል።

እኛስ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ባለቁበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ የመጀመሪያው ሪፖርት በ25 ቀን ወጥቷል፤ የመጨረሻውም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሪፖርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአጋሮ ነጋዴ፣ የሰርቦ መምህር፣ የሊሙ ገነት ገበሬ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ቢያንስ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ማውጣት ምን ይከብዳል? ማንም ባልሞተባቸው ክስተቶች ላይ ደግሞ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ይፋ ማድረግ ስም ያጎድፋል የሚሉ አሉ። እኔ የምለው ግን ስምን ይበልጥ የሚያጎድፈው በዝምታው ቦታ የሚገባው አሉባልታ ነው።

ከተሳፋሪውም የሚጠበቅ አለ። የጅማ በረራ በደመና ምክንያት ሲመለስ «ቀጠሮ አመለጠኝ፣ ገበያዬ ተበላሸ» ብለን የምናጉረመርም ብዙ ነን። በአየር ላይ ሕጉ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠው ለካፒቴኑ ነው። የአየር ግፊቱ ችግር ቢገጥመው ወደ ታች መውረድ አለበት፤ እንደ ማይ ጉዶ ያሉ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች ባሉበት አካባቢ ግን እንደፈለጉ መውረድ አይቻልም። ስለዚህ የሚመለስ ካፒቴን ፈሪ አይደለም። የእኛን ማጉረምረም ፈርቶ የማይመለሰው ነው የሚያስፈራኝ።

እንግዲህ ሀጂ፣ መልሴ ይኸው ነው። ካፒቴኑ ሲመለስ እንታገሥ፤ ለምን እንደተመለሰ ደግሞ በምንሰማው ቋንቋ ይነገረን። ታጋሽ ተሳፋሪ ማግኘት የሚቻለው እውነቱን ሲያውቅ ነው።

ቸር ያሰማን።