በሩቅ ሆኖ ስለ ጣና መምከር

ሰዎች ለአንድ ጉዳይ ተሰብስበው መምከራቸው ከጥንት የመጣ ልማድ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በኢትዮጵያም ሊቃውንቱ በጉባኤ፥ ማኅበርተኛው በጥዋ፥ አገሬውም በዛፍ ጥላ ሥር ሲመክር ኖሯል። ነገር ግን ለምክር የሚፈለጉት ሰዎች ሁሉ በአካል ወደ አንድ ስፍራ መምጣት ግዴታ ስለ ነበረባቸው፥ ርቀት ብዙውን ምክር ያዘገየው ነበር። ከጣና ደሴቶች በአንዱ ያለ አበምኔት ከባሕር ዳር ሹማምንት ጋር ለመነጋገር ሲያስብ የደንገል ታንኳ አሰናድቶ የነፋሱን ጸጥታ መጠበቅ ነበረበት፤ ከሐይቁ ሰሜን ከጎርጎራ የሚነሣውም ሰው ውኃውን በቁመቱ ማቋረጥ ወይም ዳርቻውን ዞሮ መምጣት ነበረበት። ዛሬ ግን ሰዎች በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት እየተያዩ፥ እያንዳንዱ በያለበት ሆኖ የሚመክሩበት በኢንተርኔት የሚደረግ ጉባኤ ስለ ተገኘ፥ ይህን መሣሪያ ለጣና ሐይቅ ጉዳይ በሚገባ እንዴት ሊሠሩበት እንደሚቻል ማሰብ የተገባ ነው።

ይህ ዓይነት ጉባኤ በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፥ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ብዙ ሰው በአንድነት መሰብሰቡ ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ቀን የትንሣኤ በዓል ሲከበርም አብዛኛው ምእመን በየቤቱ ሆኖ ጸሎቱን በቴሌቪዥን ተከታተለ። በዚያን ጊዜ ካህናቱ ለሌላው ሁሉ የሚጠቅም አንድ ልዩነት አሳዩ፤ ትምህርቱና ዜማው በሩቅ ላለው ሲደርስ፥ ቅዱስ ቍርባን ግን በሩቅ የሚሰጥ አይደለም። ጉባኤ የሚጠራ ሹምም አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከጉዳዩ ውስጥ በመስኮት የሚተላለፈው የትኛው ነው? ሰው ከሰው ጋር በአካል ካልተገናኘ በቀር የማይፈጸመውስ የትኛው ነው?

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ከጣና ከራሱ በሚወጣው ውኃ ምክንያት የተደረገው ነው። ሰኔ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር የነበሩት የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በጠሩት ጉባኤ፥ የኢትዮጵያ የግብጽና የሱዳን መሪዎች በዓባይ ላይ ስለሚሠራው ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በቪዲዮ መከሩ። ለዚህ ጉባኤ ማንም ከመናገሻ ከተማው መነሣት አላስፈለገውም። የጉባኤው አሠራር ግን ሊጠና የሚገባው ነው፤ የተጠሩበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰብሳቢው የታወቀ ነበር፤ ከተለያዩም በኋላ መግለጫ በጽሑፍ ወጥቶ፥ የሦስቱ አገሮች ኮሚቴ በባለሙያዎችና በታዛቢዎች ተጠናክሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሰብሳቢው ሪፖርት እንዲያቀርብ ተወሰነ። ሐምሌ 14 ቀንም መሪዎቹ በዚያው መንገድ ደግመው ተገናኙ። የሦስቱን አገሮች አለመግባባት ይህ ጉባኤ አልፈጸመውም፤ የግድቡም ሥራ ቀጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይሁን እንጂ ወረርሽኙ መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ወራት ንግግሩ ሳይቋረጥ መቆየቱ ትንሽ ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከሐይቁ ዳር ያለው ሌላው ምሳሌ ደግሞ የመስኮቱን ጉድለት ያሳያል። ከሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር የተደረገው፥ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በሊቀ መንበርነት የመሩት የጣና ፎረም፥ የአፍሪካ መሪዎች ስለ አህጉሩ ጸጥታ እንደ ሽማግሌዎች ሸንጎ ያለ ብዙ ሥርዓት የሚነጋገሩበት ሆኖ ታስቦ የተመሠረተ ነው። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ከአዳራሹ ውስጥ ከሚነገረው ይልቅ በሐይቁ ዳር ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲመላለሱ የሚነጋገሩት ሊበልጥ ይችላል። ይህን መስኮቱ አይሰጥም። ስለዚህ የተጣላ ለማስታረቅ፥ ያልተዋወቁትን ለማወዳጀት የተፈለገ እንደ ሆነ በአካል መገናኘት ይሻላል፤ የታወቀ ጉዳይ ለማስፈጸምና የተለያዩ ሰዎች እውቀታቸውን እንዲያዋጡ ለማድረግ ግን በሩቅ መምከር ይበቃል፤ እንዲያውም ይበልጣል።

የጣና ጉዳይም ከዚህ ከኋለኛው ወገን ነው። ይህ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የገባ ሲሆን፥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ላይ ወርሮታል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር የታወጀው ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው አሰልፎ አረሙን በእጅ አስነቅሏል፤ ይሁን እንጂ ፍሬው በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ የሚችል፥ አመቺ ጊዜ ያገኘ እንደ ሆነ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ የሚሆን አረም በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ አይደለም። የሚመክሩበት ሰዎችም ተበታትነው ያሉ ናቸው። የውኃውን ጠባይ ያጠኑት መምህራን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ አረሙን በእጁ የሚነቅለው ገበሬና መረቡ የሚታሰርበት ዓሣ አጥማጅ በደንቢያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ናቸው፤ የሐይቁን ለውጥ ከዓመት እስከ ዓመት የሚመለከቱ መነኮሳት በደሴቶቹ ናቸው፤ ገንዘብና ማሽን የሚረዱ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካና በአውሮፓ ናቸው፤ በጀቱን የሚፈቅዱት ደግሞ ከባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአዲስ አበባ ይገኛሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ለመሰብሰብ የሚወጣው የነዳጅና የማደሪያ ገንዘብ ብዙ ጀልባ ያስገዛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጉባኤ ለማሰናዳት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ኃላፊ መሾም አለበት። ማኅበር ያለ ሙሴ እንደማይሰነብት፥ በኢንተርኔት የሚደረግ ጉባኤም ባለቤት ካላገኘ ሁሉም በሌላው እያመካኘ ይፈርሳል። ይህ ኃላፊ በጉባኤው የሚወሰነውን ጉዳይ በአንድ ገጽ ጽፎ፥ ሪፖርቱንና ቁጥሩን ከሁለት ሳምንት በፊት ለተጠሩት ሊልክ ይገባዋል። በቤቱ ተቀምጦ ሊያነበው የሚችለውን ጽሑፍ ሰው በጉባኤ ላይ ሲነበብለት ቢውል፥ ዓይኑ በመስኮቱ ላይ ልቡ ግን በሌላ ስፍራ ይሆናል።

ቀንና ሰዓቱን መወሰን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጉባኤ የሚበላሸው በዚህ ነው። ኢትዮጵያ ቀኑን ከጠዋት ጀምራ ስለምትቈጥር፥ በጥሪው ደብዳቤ «በ3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ በባሕር ዳር ያለው በጠዋት ሲቀመጥ፥ በውጭ ያለው ከቀትር በኋላ ወይም በሌሊት ሊጠብቅ ይችላል። ደግሞም ኢትዮጵያ ሰዓቷን የማትለውጥ ስትሆን፥ አሜሪካና አውሮፓ በበጋና በክረምት ስለሚለውጡ ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛወራል። በባሕር ዳር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ በባሕር ዳር ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ግን በዋሽንግተን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም የሰዓት አቈጣጠር፥ ሁለቱም የዘመን አቈጣጠር ይጻፍ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ካህናት እንደሚያውቁት፥ ጳጉሜን 6 ቀን ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ የሁለቱ ዘመን ማነጻጸሪያ በአንድ ቀን ስለሚዛወር፥ ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ጉባኤተኛውን በማግስቱ ይጠራዋል። የበዓላት ቀንና የዓርብ የስግደት ሰዓትም መታሰብ ያለበት ነው፤ በዳርቻው ሁሉም ወገን አለና።

ከዚህ ቀጥሎ የመሣሪያው ነገር ይመጣል። የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚሁ ሐይቅ ውኃ ይቀበላል፤ ሆኖም ከሐይቁ ዳር ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ መብራት የገባላቸው አይደሉም። የኢንተርኔቱም መስመር እንዲሁ ነው፤ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስለዚህ ጉባኤውን የሚያሰናዳ ሰው ጄኔሬተርና ሁለተኛ መስመር ማዘጋጀት፥ መስመሩ ፈጽሞ የጠፋ እንደ ሆነም ተሰብሳቢው በተራ ስልክ ደውሎ ድምፁን የሚያሰማበትን ቁጥር በደብዳቤው ላይ መጻፍ ይገባዋል። ከጉባኤው ሁለት ቀን በፊትም ሁሉም በሚቀመጥበት ስፍራ፥ በሚናገርበት መሣሪያና በዚያው ሰዓት ሙከራ ይደረግ። በጠዋት ደኅና የነበረው መስመር በማታ ሊደክም ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ ጉባኤ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ስማርት ስልክና ዳታ የሌለውን ሰው ያለ ዘበኛ ከደጅ ይመልሰዋል። በዳርቻው ያለው ገበሬና በደሴቱ ያለው መነኩሴ ካልገቡበት፥ ስለ ጣና የሚመክሩት ጣናን በፎቶግራፍ የሚያውቁት ብቻ ይሆናሉ። ከዚህ የሚመጣውን ውሳኔ አገሬው የእኔ ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ጥፋቱም ያገሬው አይደለም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ በየወረዳው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የገበሬዎች ማሠልጠኛ ይመረጥ፤ አንድ ሰፊ ስክሪን፥ አንድ ማይክሮፎንና መሣሪያውን የሚያውቅ አንድ ወጣት ይኑር፤ ሃያ ሠላሳ ሰው በአንድነት ተቀምጦ በአንድ መስመር ይግባ። ደሴቶቹም አንድ ተወካይ አባት ወደ ዘጌ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላኩ። ጉባኤውም በአማርኛ ይካሄድ፤ የውጭ አገር ሊቅ የሚናገር እንደ ሆነ አስተርጓሚ ይቀመጥለት እንጂ፥ ለአንድ እንግዳ ተብሎ መቶው ባለ አገር ዝም አይበል።

ስለ አነጋገሩ ሥርዓት ካህናቱ ሌላውን ሊያስተምሩ ይችላሉ። ድምፅ በኢንተርኔት ሲተላለፍ ጥቂት ስለሚዘገይ፥ በተለያየ ከተማ ያሉ መዘምራን አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ ሊያዜሙ አይችሉም፤ ግራው ከጨረሰ በኋላ ቀኙ እንደሚቀበል ተራ በተራ የሆነ እንደ ሆነ ግን ይሰማል። በጉባኤውም ሁለት ሰው በአንድነት ከተናገረ የሁለቱም ቃል ይጠፋል። ስለዚህ የማይናገረው ሁሉ ማይክሮፎኑን ዘግቶ ይቈይ፤ መናገር የፈለገ እጁን ያንሣ፤ ሰብሳቢውም በስሙ ይጥራው። ከሰብሳቢው ሌላ፥ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡን እንደሚያነቃ ዲያቆን፥ የገባውንና የወጣውን የሚጠብቅ፥ የተጻፈውን ጥያቄ የሚያነብ፥ ድምፁ የተቋረጠበትን የሚረዳ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ልያዝ ቢል ሁለቱም ይበላሻሉ። ያልተጠራ ሰው ገብቶ እንዳያውክም መግቢያው በይለፍ ቃል ይጠበቅ፤ በወረርሽኙ ዓመት በብዙ አገር ትምህርትና ጸሎት በእንዲህ ዓይነት ሁከት ተቋርጧል።

እዚህ ላይ ስለ አንዳንድ ሹማምንት ልማድ ዝም ማለት አይገባም። በአዳራሽ የለመዱትን የአርባ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር ወደ መስኮቱ አምጥተው፥ ንግግሩ እንዳለቀ ምስላቸውን ዘግተው የሚሄዱ አሉ። ከፎገራ የተቀመጠው ገበሬ ግን ስማቸው ብቻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀርቶ ሲያይ፥ ለማን እንደሚናገር አያውቅም። የመክፈቻው ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ጉባኤውም በጠቅላላ ከሁለት ሰዓት አይበልጥ፤ ትልቁ ሹም መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይናገር፤ ይህ የሆነ እንደ ሆነ ለመስማት ይቈያል። ደግሞ የውሎ አበል የማይከፈልበት ጉባኤ ጉባኤ የማይመስላቸውም አይጠፉም። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ፥ በዚያ ገንዘብ ከየወረዳው ለሚመጣው ገበሬ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ መክፈል ነው።

ጉባኤው እንዳለቀ ቃለ ጉባኤው በሦስት ቀን ውስጥ ተጽፎ፥ የሚሠራው ሥራ፥ የሚሠራው ሰው ስምና የሚያልቅበት ቀን በግልጽ ተለይቶ ለሁሉም ይላክ። ኢንተርኔት ላልደረሰበት ቀበሌ በወረቀት ታትሞ ይሂድ፤ አጥቢያዎችም ቢፈቅዱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይነበብ። የተቀረጸው ቪዲዮ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ቃለ ጉባኤን አይተካም፤ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ተመልክቶ የራሱን ግዴታ የሚፈልግ ሰው የለምና።

የአረሙ ዘመቻ የሚመቸው ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሞልቶ በሚታይበት በመስከረምና በጥቅምት ስለ ሆነ፥ ምክሩ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። የፎገራ ሜዳ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ በውኃ ይጥለቀለቃል፤ ያን ጊዜ ስክሪንና ጄኔሬተር ይዞ ወደ ቀበሌው መግባት አይቻልም። ስለዚህ ኃላፊው በሚያዝያ ተሹሞ፥ ደብዳቤው በግንቦት መጀመሪያ ወጥቶ፥ የየወረዳው ክፍል ተመርጦና መሣሪያው ተሞክሮ ጉባኤው ሰኔ ሳይጋመስ መደረግ ይኖርበታል።