በራስ ገንዘብ መጽሐፍ ማሳተም ነውሩ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ልብ ወለድ ታሪክ ጽፎ በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም «አሳታሚ ያጣ ደራሲ» የሚል ስም ይወጣለታል። ይህን ስም የሚያወጡለት ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምናገኛቸው፥ መጽሐፍ የሚወዱ፥ ስለ መጽሐፍም ሲናገሩ የሚደመጡ ሰዎች ናቸው። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ድርሰቱ መልካም ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ገንዘቡን ባወጣበት ነበር፤ ደራሲው ራሱ ካወጣበት ግን ሌላው ንቆ የተወው ነው፤ ይልቁንም የመጀመሪያ መጽሐፉ ከሆነ ታግሦ ቢጠብቅ ይሻለዋል ይላሉ። እኔ ይህን አሳብ ለመቃወም ብዕሬን አንሥቻለሁ። ነገሩ እኔንም የሚነካኝ መሆኑን አልደብቅም።

አስቀድመን ሁለት ቃላት እንለይ። አታሚ ሌላ ነው፤ አሳታሚ ሌላ ነው። አታሚ ዋጋውን ተቀብሎ የተሰጠውን ጽሑፍ በወረቀት ላይ ያወጣል። አሳታሚ ግን ረቂቁን አንብቦ ይመርጣል፥ ያሳርማል፥ ገንዘቡን ያወጣል፥ መጽሐፉንም ወደ ገበያ ያደርሳል፤ ኪሳራ ቢመጣ ኪሳራው የሱ ነው። በአገራችን አታሚ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በሙሉ ትርጉሙ አሳታሚ የሚባለው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጣት የሚቈጠር ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ፥ ማተሚያ ቤት ባለበት ከተማ ደራሲው አሳታሚ አጥቶ ይኖራል። ስለዚህ ብዙው የአማርኛ ደራሲ ከማተሚያ ቤቱ ጋር የሚዋዋለው በራሱ ስም፥ የሚከፍለውም ከራሱ ኪስ ወይም ከወዳጅ ዘመድ በተበደረው ገንዘብ ነው። እንግዲህ «አሳታሚ እስኪመጣ ጠብቅ» ማለት ድልድይ ባልተሠራበት ወንዝ ዳር የቆመውን መንገደኛ ድልድይ ጠብቅ እንደ ማለት ነው።

የአሳታሚ ማኅተም ምን ያህል እንደሚያስተማምን ደግሞ እንመልከት። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ድርጅት ነበር። ብዙ መልካም መጻሕፍት አውጥቷልና ውለታው አይካድም። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመውም ይኸው ድርጅት ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ማኅተሙ መጽሐፉንም ደራሲውንም አላዳነም። የመጽሐፉን ዋጋም የመሰከረለት ማኅተሙ ሳይሆን እየተሻማ ያነበበው ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። የጻፍሁት ታሪካዊ ልብ ወለድ ስለ «ክፉ ቀን» ዘመን ነው። እንደሚታወቀው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው በሽታ የአገሩን በሬና ላም ጠራርጎ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እስከ መሆን የደረሱበት ዘመን ነው። ከዚህ ዘመን አንድ በሬዎቹ ያለቁበት ገበሬ አንሥቼ ታሪኩን እስከ 1884 ዓ.ም. አደረስሁት።

ረቂቁን ለአንድ የመጽሐፍ ነጋዴ ሰጠሁት። አንብቦ ሲያበቃ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው «ረሃብ አይሸጥም፤ ታሪኩን ወደ ዐድዋ ግፋው፤ ገበሬውንም ጀግና ወታደር አድርገው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መብቱን በሙሉ ባንድ ጊዜ ክፍያ ልሽጥለት የሚል ነው። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ የሚጠይቀውን ጠየቀ። እኔ ግን ሁለቱንም እንቢ አልሁ።

የመጀመሪያውን እንቢ ያልሁት የዐድዋን ክብር ዘንግቼ አይደለም። በዐድዋ የተሰለፈው ሕዝብ ከዚያ ረሃብ የተረፈው ሕዝብ ነው። በሬው አልቆበት መሬቱን በዶማ የቆፈረው ገበሬ ካልታየ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል በምን ዋጋ እንደ ተገኘ አይታይም። ታሪካዊ ልብ ወለድ ከሌላው ልብ ወለድ የሚለየው ባለዕዳ በመሆኑ ነው። ዕዳውም የሙታን ዕዳ ነው፤ የሞተ ሰው ከመቃብሩ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አልነበርሁም» ብሎ ሊሟገት አይችልምና። ይህን ዕዳ ለገበያ ሲል የሚሽር ደራሲ መጽሐፉን ቢሸጥም አደራውን በልቷል።

ሁለተኛውንም እንቢ ያልሁት ሕጉን አንብቤ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት የሚጸና መብት ሰጥቶታል። ሕግ ለልጆቼ ያቆየላቸውን ነገር በአንድ ቀን ገበያ ለመለወጥ ልቤ አልፈቀደም።

ተቃዋሚዎቼ ግን አንድ እውነት አላቸው። በደራሲው ወጪ የሚወጡት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በስሕተት የተሞሉ ናቸው ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔም አንብቤ አዝኛለሁ። ለሽፋኑ ሥዕል የሚከፍለውን ያህል ለአራሚ የማይከፍል ደራሲ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ገንዘቡን ማውጣቱ አይደለም፤ የአሳታሚን ገንዘብ አውጥቶ የአሳታሚን ሥራ አለመሥራቱ ነው። አሳታሚ የለኝም ማለት አራሚ አያስፈልገኝም ማለት አይደለም።

ስለዚህ እኔ ረቂቄን ለሦስት ሰዎች ሰጠሁ፦ ለአንድ የታሪክ መምህር፥ ለአንድ የቋንቋ አራሚና እርሻ ለሚያውቁ አንድ ሽማግሌ። ገበሬዬን ጤፍ በግንቦት አዘርቼው ነበር፤ ሽማግሌው ስቀው «ልጄ፥ ይህ ሰው የተራበው በከብት በሽታ ሳይሆን በስንፍናው ነው» አሉና ወደ ሐምሌ መለሱልኝ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይም ከታሪክ የተወሰደው የትኛው እንደ ሆነ፥ ከአሳቤ የፈጠርሁትም የትኛው እንደ ሆነ ለይቼ ጻፍሁ። ይህን ያላደረገ ሰው በራሱ ገንዘብ ቢያሳትም የሚመጣበት ነቀፋ ይገባዋል፤ እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር እቆማለሁ።

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም። መጽሐፍ ሻጩ ቅጂውን ተረክቦ የሚከፍለው ከሸጠ በኋላ ነው፤ መጽሐፉ ከተወደደ ደግሞ ሳያፍር በፎቶ ኮፒ አባዝቶ የሚሸጥ ሌባ አለ። ባለቤቴ «ሳይሸጥ ቢቀርስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ገንዘብ እንደማልነካ፥ ከ1,000 ቅጂ በላይም እንደማላሳትም ቃል ገባሁላት። በዚህ መንገድ ለሚከተሉኝ ወጣቶች የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ሊጠፋ የሚችለውን ገንዘብ እንጂ ቤት የሚያፈርሰውን ገንዘብ በመጽሐፍ ላይ አታውሉ።

እንግዲህ ለእናንተ፥ መጻሕፍት ለመሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት ለምትመርጡ ሹማምንትና መምህራን፥ ለእናንተም ለተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። መጽሐፍ በእጃችሁ ሲገባ «ማን አሳተመው?» ከማለታችሁ በፊት ገልጣችሁ አንብቡ። ደካማ ሆኖ ብታገኙት ደካማ ነው በሉ፤ ደራሲው ይማርበታል። ስሕተት ብታገኙበት ገጹን ጠቅሳችሁ ጻፉለት፤ በሚቀጥለው እትም ያርመዋል። ሳታነቡ ግን አትፍረዱ። ገበሬ በገዛ ዘሩ፥ በገዛ በሬው ቢያርስ «ባለ መሬት አጥቶ ነው» ብሎ የሚነቅፈው የለም፤ የሚመዘነው በአውድማው ነው። ደራሲውንም በአውድማው መዝኑት።