የነርሷ ፀባይ እና የታማሚው ዝምታ

ሆስፒታል ተኝተው ወይም አስታማሚ ሆነው ያደሩ እንደሆነ ይህን ያውቁታል። ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፤ ግሉኮሱን የምትቀይረው፣ የደም ግፊት የምትለካው፣ ሌሊት «ሲስተር» ተብላ የምትጠራው ነርሷ ናት። ስለ ሕክምና ተቋማት የሚነሳው ምስጋናም ሆነ ቅሬታ በአብዛኛው የሚያርፈው እሷው ላይ ነው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይሁንና ሩኅሩኅነት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ መፈክር አይመጣም። ባለሙያዋ አስቀድማ የራሷን ስሜትና ፀባይ ማወቅ ይኖርባታል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የራስንና የሌላውን ስሜት የመለየት፣ በዚያም የመመራት ችሎታን «ስሜታዊ ብልህነት» ብለውታል። (የአማርኛው ስያሜ ትንሽ ያሳስታል፤ በእኛ ዘንድ «ስሜታዊ ነው» የሚባለው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነውና።)

ጉዳዩ የፈገግታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሳነው ነበር። አንዲት እናት ከወለደች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደም በዝቶባታል እንበል። በምጥ ላይ ሳለች «ዝም በይ፣ መውለድ በአንቺ አልተጀመረም» ተብላ ከነበረ፣ አሁን ጨርቋ መራሱን ለመናገር ትፈራለች። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ደግሞ በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ ሕይወት የሚተርፈውም ቶሎ ሲታወቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እንዲደብቅ የተደረገውስ?

ያቺ ነርስ ክፉ ላትሆን ትችላለች። ምናልባት ምሳ ሳትበላ ቀኑ መሽቶባታል። ራሷን የምታውቅ ከሆነ «ሲርበኝ ድምፄ ይጎላል» ወይም «አስታማሚ ሲጮህብኝ ታማሚውን እረሳለሁ» ብላ ቀድማ ትነቃለች። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄድ እጇን የምትታጠብባትን ደቂቃ ለመረጋጊያ ትጠቀምባታለች፤ ካልሆነም ባልደረባዋን «እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ያዢልኝ» ትላለች። በተፈጥሮዋ ዝምተኛ የሆነችውም ተጫዋች ካልሆንኩ ብላ መጨነቅ የለባትም። «አሁን መርፌ ልወጋዎት ነው፣ ትንሽ ያምዎታል» ማለቷ ዝምታዋ እንደ ንቀት እንዳይቆጠር ያደርጋል። በስልክ የሚዘዋወሩት የስብዕና መጠይቆች ለጨዋታ ይሁኑ እንጂ ማን የት ክፍል ይመደብ ለማለት አይበቁም።

ራስን ማወቅ ግን የሰው ኃይል እጥረትን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ በሥራ መዛልን በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎታል። መገለጫዎቹም ከፍተኛ ድካም፣ ሥራን መሰልቸትና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ፊት የነሳችዎት ነርስ አንዳንዴ የዛለች ነርስ ናት። ሥልጠና ሰጥቶ ተረኛዋን በሞላ ክፍል ብቻዋን መተው፣ በእኛ እይታ፣ ግማሽ ሥራ ነው።

እርስዎስ? የቁጣ መልስ ቢሰጥዎትም ሕመምዎን ደግመው ይናገሩ። ደም መፍሰስ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ የማንንም ፊት አይዩ። ጥያቄዎ የማያስቸኩል ከሆነ ግን ተረኞች የሚቀያየሩበት ሰዓት እስኪያልፍ ይታገሱ፤ ያኔ የታማሚዎችን ሁኔታ እየተረካከቡ ስለሆነ ማቋረጥ ለስህተት ይዳርጋል። ቅሬታ ካለዎት በታማሚዎች መሐል ከመጮህ የተባለውን ቃልና ሰዓቱን ይዘው ለክፍሉ ኃላፊ ያቅርቡ።