የዓሣ መረቅ ለሕፃን፤ መረቁን ሰጥተን ሥጋውን አንንፈግ



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ከመዋጮው ጉዳይ ቀጥሎ ብዙ ያነጋገረን የዓሣ ነገር ነበር። ባሕር ዳር ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ዓሣ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ወዲህ «የዓሣ መረቅ ሕፃን ያጠነክራል» የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰራጭቷል። አንዳንድ እናቶች ገና በአራተኛው ወር መረቁን በጡጦ ማጠጣት እንደ ጀመሩ ሰምተናል። ሌሎች ደግሞ «ዓሣ ለሕፃን አይሆንም፣ አጥንቱ ያንቃል» ብለው ጭራሽ ከልክለዋል። እኛ ሁለቱንም አልተቀበልንም። ለምን እንዳልተቀበልን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ፣ ዓሣ ለሕፃን መልካም ምግብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ ቢያገኝ ይገባዋል ይላል። በየቀኑ! እኛ ዘንድ ግን ልጁ የሚያገኘው በአብዛኛው የገብስ ወይም የበቆሎ አጥሚትና በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። እንደሚታወቀው ምዕራብ ጎጃም እህል የሞላበት አገር ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ የሚጫነውን በቆሎ፣ በእኛም ደጋ የሚታፈሰውን ድንች ያየ ሰው እዚህ ልጅ በምግብ ይጎዳል ብሎ አያስብም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 41 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባቸውን ቁመት አላገኙም። ሆዱ ሞልቶ ሳለ የሚቀጭጭ ልጅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ዓሣ መጣ ሲባል ደስ ብሎናል።

ችግሩ ያለው መረቁ ላይ ነው። በልማዳችን ለሕፃንና ለበሽተኛ መረቅ ይሰጣል፤ ሥጋውን አባወራውና እንግዳው ይበላዋል። ነገር ግን ገንቢው ነገር፣ ደም የሚሆነውም ጭምር፣ አብዛኛው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ወደ መረቁ የሚወርደው ጣዕሙና ጥቂት ነገር ነው። የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ናት። በቀጭን መረቅ ከሞላናት ጡት የሚገባበትና ገንፎ የሚገባበት ቦታ ተያዘ ማለት ነው። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ እናቲቱም «ተስማማው» ትላለች፤ የተስማማው ግን ውኃ ነው። ስለዚህ መረቁ ገንፎ ማላሻ ይሁን፣ ከውስጡም የተፈጨ የዓሣ ሥጋ ይግባበት እንላለን።

ከስድስት ወር በፊትስ? አይሆንም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ ውኃም አያስፈልግም። አራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ የስኳር ውኃ ማቅመስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ነው፤ አሁን ደግሞ የዓሣ መረቅ ሊጨመርበት ነው። በተለይ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው። የዓሣ መረቅ ጡጦው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ሲያድር ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋም፤ መዘዙ ተቅማጥ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ስኒና ማንኪያ ይሻለዋል።

አሠራሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሩት ጋር አስማምተን እንዲህ ብለን እንመክራለን። ዓሣው በደንብ ታጥቦ፣ ነጩ ሥጋ ከአጥንቱ እየተላቀቀ እስኪፈረካከስ ድረስ ይቀቀል። በሐይቅ ዳር ከተሞች ጥሬ ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ ለሕፃን ግን ፈጽሞ አይነካም። ጨው አይጨመር፣ በርበሬም እንዲሁ፤ ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ኩብ ጨው የበዛበት ስለሆነ እሱም ይቅር። መረቁ በንጹሕ ማጥለያ ይጠለል። ሥጋው በእጅ ጣት ይፈተሽ፤ በዓይን ማየት አይበቃም፣ ጣት የሚያገኘውን ዓይን አያገኘውም። አምባዛና ቆሮሶ አጥንታቸው ትልልቅ ስለሆነ ለመልቀም ይቀላል። ያ ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የሚሰገሰግ ቀጫጭን አጥንት ያለበት ዓሣ፣ ቢልጫ የሚሉት፣ ለትልልቆቹ ይተው። የተለቀመው ሥጋ ደቆ ወፍራም ገንፎ ውስጥ ይገባል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ በቂ ነው።

ዓሣ የማይስማማው ልጅም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በጣም ጥቂት፣ በጠዋት፣ ሌላ አዲስ ምግብ ሳይቀላቀል ይሁን። ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ እብጥ እብጥ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ዓሣውን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ትንፋሽ ካጠረው ሮጦ ነው እንጂ እስኪነጋ ተብሎ አይጠበቅም። ይህን ፈርቶ ዓሣን እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ማዘግየት ግን ልጁን ከዚህ ነገር እንደማያድነው ታውቋል። በቤተሰቡ ዓሣ የማይስማማው ሰው ካለ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

ሌላው ትኩስነቱ ነው። ከጣና እስከ ፈረስ ቤት መንገዱ ቀላል አይደለም፤ መኪና በዘገየ ቁጥር ዓሣው ይበላሻል። ዓይኑ የጠራና ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ደህና ነው። ካልሆነ ገንዘቡ ቢቃጠልም ለልጅ አይሰጥ። ተቀቅሎ የተረፈውም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለልጅ ተብሎ አይደር፤ ትልቅ ሰው ወዲያው ይብላው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ጾም ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወዋለን፣ እኛ የማኅበር ሰዎች ነን። ሕፃን ግን ጾም የለበትም፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም አባቶች ራሳቸው ያስተምራሉ። ታዲያ በሁዳዴ ልጆቻችን ለምን ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል እንኳ ሳይቀምሱ ይከርማሉ? እናቶችን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ድስቴ ይነካካብኛል»። በጾም ቀን ሥጋ በነካው ድስት የጾም ወጥ መሥራት ይከብዳቸዋል። በዚህ አንስቅባቸውም። እነሱ የሚሉት እውነት ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ድስት አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለሆነም ትምህርት ከመስጠት ይልቅ ድስት መስጠት ይቀላል የሚል አቋም ወስደናል። ሕፃን ላለበት ቤት ሁሉ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን፤ የልጁ ብቻ፣ ለሌላ የማይነካ።

ዓሣ ያላገኘ ሰው ይህ እኔን አይመለከተኝም እንዳይል። ዓሣ ለእኛ የእንግዳ ምግብ ነው፣ አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። እንቁላል ግን ጓሮ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ገበያ ወስደን ለሳሙናና ለጋዝ እንሸጠዋለን፣ ከዚያ ለልጁ የዓሣ መረቅ ከየት ይገኛል ብለን እንጠያየቃለን። ኧረ ከአምስቱ እንቁላል ሁለቱ ቤት ቢቀር ምናለበት? እሱም በደንብ ተቀቅሎና ደቆ በዚያችው ድስት ይሠራል፤ አጥንት መልቀም እንኳ የለበትም።

የድስቱ ዋጋ ከማኅበሩ ገንዘብ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቅርበናል። «ገንዘቡ ለቀብር ነው እንጂ ለገንፎ አይደለም» ያሉ አባላት አሉ፤ አስተያየታቸው በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ጉዳዩ በሚቀጥለው የወር ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ አባላት ከዚያ በፊት ለጸሐፊው ቤት ድረስ መጥታችሁ የልጆቹን ቁጥር አስመዝግቡ፤ ስንት ድስት እንደሚያስፈልግ ሳናውቅ ድምፅ መስጠት አይቻልምና።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት