ጽዋው እስኪተላለፍ

በ21 የማርያም ማኅበር ላይ ነበርኩ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ጀበናው ሲንተከተክ አንዲት እናት «አባ፣ ድሮ ቡና ለምን ይነቀፍ ነበር?» ብለው ጠየቁ። የንስሓ አባታችን ፈገግ አሉ። አንዱ «የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ነዋ!» ሲል፣ ሌላው በምኒልክ ዘመን ነገሩ እንደላላ አነሣ፤ ስኒው እየዞረ ሙግቱ ጦፈ። ጽዋው ለተረኛዋ እስኪተላለፍም አላባራም።

በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ቦሩ ሜዳ ላይ ያደረጉት ክርክር በታሪክ ተጽፏል። የየቤቱን ጉባኤ ግን (ለእኔ እሱ ይጥመኛል) የሚጽፈው የለም። ስለዚህ ለዚህ እትም ጸሐፊዎቻችን ከየማኅበራቸው የሰሙትን እንዲያመጡ ጠየቅን። ከመጽሐፍ የማይገጥም አለበት፤ እንደተባለ አትመነዋል።

አዘጋጁ